እጅ ያወጣ ሰው

የመጀመሪያ ምርጫዬን ያደረግሁት በካርድና በኮሮጆ አይደለም፤ እጄን አውጥቼ ነው። ቦታው ግራና፣ ከቦዩ አጠገብ ካለች ዋርካ ሥር። የሚመረጠው የውሃ አባት ነበር። አባቴ ታሞ ተኝቶ ስለነበር «ሂድና በእኔ ቦታ ቁጭ በል፤ ሰው ሲቆጠር እጅህን አውጣ» ብሎ ላከኝ። አሥራ ሰባት ወይ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ከቀረቡት ሁለት ሰዎች አንዱ የእናቴ ወንድም ነበር። ማንን እንደምመርጥ አባቴ አልነገረኝም። መንገር አላስፈለገውማ።

ለማያውቅ ሰው፣ የውሃ አባት ማለት ከወንዝ የተጠለፈውን ውሃ በተራ የሚያከፋፍል ነው። ቦይ ሲናድ ሰው ጠርቶ ያስጠግናል፣ ደለል ሲሞላ ያስጠርጋል፣ ተራ የዘለለውን ይቀጣል። ደሞዝ የለውም። ሥልጣኑ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ጥርና የካቲት ላይ ሽንኩርት የተከለ ሰው አንድ ሌሊት ተራው ካለፈው፣ ያለፈው ውሃ ብቻ አይደለም፤ የዓመቱ ልብስ ነው፣ የልጅ ደብተር ነው፣ ብድር ነው። ኋላ የቆቦ ግራና ሸለቆ ልማት መጥቶ የጉድጓድ ውሃ በፓምፕ መሳብ ተጀመረ፣ ማኅበርና ማኅተም መጣ። እኔ የማወራው ስለ ድሮው ቦይ ነው።

አጎቴ ተመረጠ። ደግ ሰው ነው፣ አሁንም አለ። ያን ዓመት ግን ውሃው አነሰ። ውሃ ሲያንስ ቀድሞ የሚጎዳው ከቦዩ መጨረሻ ያለው ነው፤ ይሄ የትም አገር ያለ ነገር ነው። አጎቴ የእኛን፣ የላይኞቹን ተራ አልነካም። የታችኞቹን ከሙሉ ሌሊት ወደ ግማሽ አወረደው። ቆይቶ ተራው ራሱ እየራቀ ሄደ። ከታች ካሉት አንዷ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ መሬቷ ጥማድ አይሞላም። ሽንኩርቷ ራስ ሳይቋጥር ደረቀ።

አቤት ልትል አጎቴ ዘንድ አልሄደችም። እኛ ቤት መጣች። እናቴ ቡና እያፈላች ነበር፤ «ቁጭ በይ እንጂ» ብትላትም አልተቀመጠችም። እኔን አይታ «እጅህን ስታወጣ አይቼሃለሁ» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። «በሉ ደህና ዋሉ» ብላ ወጣች።

እንዴት እንዳየችኝ ገባኝ። የምርጫው ዕለት እዚያው ነበረች፤ ግን ከዋርካው ጥላ ውጭ፣ ከሴቶቹ ጋር ቆማ። ለስብሰባ የተጠሩት አባወራዎች ናቸው። እሷ ቤት አባወራ የለም፤ ስለዚህ አልተቆጠረችም። እኔ ደግሞ ጢሜ በወጉ ሳይበቅል በአባቴ ስም ተቆጥሬያለሁ።

ይህ ነገር ስንት ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር ኖረ። ጥያቄዬም ይሄ ነው፦ አጎቴን ከመርሳ ወይም ከወልድያ የመጣ ባለሥልጣን ሾሞት ቢሆን ኖሮ፣ ሴትዮዋ እኛ ቤት ትመጣ ነበር? አትመጣም። ምናልባት እኔም አብሬያት ሹመኛውን እራገም ነበር። በደል የደረሰብን ሰዎች ሆነን ቡና እንጠጣ ነበር። ምርጫው ግን ከእሷ ለየኝ፤ በደሉ ውስጥ አስገባኝ። ገዥውን የመረጠ ሕዝብ ነፃ ሕዝብ ነው ሲባል ስንሰማ አድገናል፤ እውነትም ነው። ግን የሚያጣውን ማንም አይነግረውም። የሚያጣው ንጽሕናውን ነው።

የአያቴ ትውልድ ይቺን ንጽሕና እስከ ጥግ ነበራት። የጁ አውራጃ፣ ወልድያ ላይ የተቀመጠው ገዥ፣ ከሥሩ የወረዳው ሹም፣ ምስለኔው፣ እስከ ጭቃ ሹሙ ድረስ፣ አንዱንም «ማን ይሁንላችሁ?» ብሎ የጠየቀ የለም። ከላይ የወሎ ጠቅላይ ግዛት ገዥ አልጋ ወራሹ መርዕድ አዝማች አስፋ ወሰን ነበሩ፤ ስሙ የእሳቸው፣ የዕለት ሥራው የእንደራሴዎቻቸው። በአሥራ አራቱም ጠቅላይ ግዛቶች ገዥ የሚሾመው ከቤተ መንግሥት ነው። ሕዝብ የነበረው መብት ደጅ መጥናትና አቤት ማለት ነው፤ ሲብስበት ደግሞ ማመጽ፣ በ1940ዎቹ መጀመሪያ የየጁ ገበሬዎች እንዳደረጉት። ሹመኛው ፊቱን ወደ ሾመው ያዞራል፣ ጀርባውን ለእኛ ይሰጣል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የመጣው ከዚህ ነው፤ ተረቱ ሿሚውንና ተሿሚውን ብቻ ነው የሚያውቀው፣ የሚበላበት ሰው በውስጡ የለም።

እርግጥ በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት መሠረት በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን በቀጥታ መርጧል። በየምርጫ ክልሉ ለሁለት መቶ ሺህ ሰው ሁለት እንደራሴ። ፓርቲ የለም፤ ንብረት የሌለው አይወዳደርም። የተመረጡት ሰዎች አዲስ አበባ ሄደው ሕግ ላይ ይከራከራሉ፤ በአገሩ ላይ የተቀመጠውን ገዥ ግን አይሾሙትም፣ አይሽሩትም። በ1958 ዓ.ም. ለአውራጃዎች የራስ አስተዳደር የሚሰጥ ትእዛዝ ወጥቶ ነበር፤ ፓርላማው ሳያጸድቀው ቀረ። ስለዚህ የግራና ሰው እስከ አብዮቱ ድረስ የመረጠው እንደራሴ እንጂ ገዥ አልነበረውም።

ከዚያ 1965 እና 66 መጣ። ድርቁ ወሎን ሲመታ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው ዋና መንገድ ዳር የተራበ ሰው ተሰልፎ መኪና ያስቆም ነበር። ገዥው አልጋ ወራሽ በ1965 ጥር ላይ በጠና ታመው ለሕክምና አውሮፓ ሄደዋል። ለማዕከሉ ደግሞ ረሃቡ ከአደጋነቱ ይልቅ ማሳፈሪያነቱ በልጦ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሱትን ፎቶግራፍ አዲስ አበባ ግቢ ውስጥ አሳዩ፤ በ1966 ጥቅምት የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ነገሩ መደበቂያ አጣ። የኢኮኖሚክስ ሊቁ አማርትያ ሴን በኋላ ይህን ረሃብ ሲመረምር አንድ ነገር አገኘ፦ ወሎ እየተራበ ከወሎ እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። የመግዣ ገንዘብ ያለው እዚያ ነዋ። ያቺ የተራበው ሰው የቆመባት መንገድ እህሉም ይወጣባት ነበር ማለት ነው። ይቺን ነገር ካነበብኩ ጀምሮ በመርሳ ባለፍኩ ቁጥር አስፋልቱን ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

እናቴ የዚያን ዘመን ነገር ስታነሳ ሁሌ የምትዘጋው በአንድ ቃል ነው፤ «እኛ ምን እናውቃለን፣ መንግሥት ያውቃል።» ልጅ ሆኜ የመሸነፍ ቃል ይመስለኝ ነበር። አሁን ሌላ ነገርም እሰማበታለሁ። ከደሙ ንጹሕ ነኝ እያለች ነው። ልክም ናት። በዚያ ረሃብ ውስጥ የወሎ ገበሬ ያወጣው እጅ የለም።

የሴን መልስ የታወቀ ነው፤ ነፃ ጋዜጣና ምርጫ ያለበት አገር እንዲህ ያለ ረሃብ አይደርስበትም፣ ገዥው የሚሽረውን ሰው ማስራብ ይፈራልና ይላል። ለረጅም ጊዜ በዚህ ተስማምቼ ኖርኩ። ያስጨነቀኝ ስለ አሜሪካ ግዛቶች አገረ ገዥዎች ማንበብ ስጀምር ነው። እኛ ገዥ በሚሾምልን በዚያው ዘመን እነሱ ገዥያቸውን በቀጥታ ይመርጣሉ፤ የእኛ ተቃራኒ ናቸው ብዬ ነው የገባሁበት። (የአሜሪካውን ዘመን በእነሱ አቆጣጠር፣ የእኛን በእኛ እጽፋለሁ፤ አንባቢ ይታገሰኝ።)

በ1946 የጆርጂያ ግዛት ዴሞክራቶች ለአገረ ገዥነት የሚቀርብ ሰው በፓርቲያቸው ውስጥ መረጡ። ያን ጊዜ በደቡቡ አሜሪካ ከዴሞክራት ሌላ የሚያሸንፍ ስላልነበረ ዋናው ምርጫ ያ ነው። ጥቁሮች ከዚህ የውስጥ ምርጫ ታግደው ኖረው ነበር፤ ፍርድ ቤት እገዳውን ስላፈረሰው በዚያ ዓመት በብዛት ወጥተው ድምፅ ሰጡ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ዩጂን ታልማጅ ነው፤ ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ተመርጦ ገዝቷል። ቅስቀሳው ዙሪያ ጥምጥም የለውም፤ ምርጫውን መልሼ የነጭ ብቻ አደርገዋለሁ አለ። ተቀናቃኙ ጄምስ ካርማይክል በሕዝብ ድምፅ በለጠው። ያሸነፈው ግን ታልማጅ ነው።

እንዴት? ድምፅ የሚቆጠረው በሰው አልነበረም። ጆርጂያ 159 ካውንቲዎች አሏት። ትልልቆቹ 8 እያንዳንዳቸው 6 ነጥብ፣ ቀጥለው ያሉት 30 እያንዳንዳቸው 4፣ የቀሩት 121 ደግሞ 2፣ 2 ነጥብ ይሰጣቸዋል። አትላንታ ያለችበት ፉልተን ያን ሁሉ ሕዝብ ይዞ 6 ነጥብ፤ ሦስት ትናንሽ የገጠር ካውንቲዎች ተደምረው ያንኑ 6። ይሄን ሳነብ ዋርካዋ ትዝ አለችኝ። ማን ጥላው ውስጥ ይቀመጥ፣ ማን ውጭ ይቁም የሚለው ነገር ያለቀው ሰው እጁን ከማውጣቱ በፊት ነው።

ከዚያ የሆነው ነገር ሌላ ቦታ ቢሆን ቀልድ ይመስል ነበር። ታልማጅ ሥልጣን ሳይረከብ በዲሴምበር ሞተ። በጃንዋሪ 1947 የግዛቱ ምክር ቤት ልጁን ኸርማን ታልማጅን ገዥ አደረገው። ተሰናባቹ ኤሊስ አርናል «ሕጋዊ ተተኪ እስኪመጣ አልወጣም» አለ። አዲስ የተመረጠው ምክትል ሜልቪን ቶምፕሰን ደግሞ ወንበሩ የእኔ ነው አለ። አንድ ግዛት፣ ሦስት ገዥ! የአርናልን ቢሮ ቁልፍ ቀይረው ሲያስቀሩት እዚያው ሕንጻ ውስጥ የእንግዳ ማስተናገጃው ጋ ሄዶ ሥራዬን እሠራለሁ ብሎ ተቀመጠ። ምክር ቤቱ ልጅየውን የመረጠበት ምክንያት፣ የአባቱን መታመም ያዩ ደጋፊዎች በምርጫ ወረቀቱ ላይ የልጁን ስም በእጃቸው ጽፈው ስለነበር ነው። ድምፁ መጀመሪያ አልበቃም፤ በኋላ ከታልማጆች አገር ከቴልፌር ካውንቲ ተጨማሪ ወረቀት «ተገኘ»። የአንድ የአትላንታ ጋዜጣ ዘጋቢ ሄዶ ሲያጣራ መራጮቹ በፊደል ተራ ተሰልፈው የመረጡ ሆነው ተገኙ፤ ከመሃላቸው የሞቱም ነበሩበት። በማርች የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለቶምፕሰን ፈረደ። በ1948 ግን ኸርማን ታልማጅ በምርጫ አሸንፎ ተመልሶ ገባ።

ብዙ ሰው ይሄን ታሪክ የሚያወራው ለሦስቱ ገዥዎች ሲል ነው። እኔን የያዘኝ ግን የአባትየው ቅስቀሳ ነው። ሰውዬው መራጩን አልዋሸም፣ አላታለለም። የሚፈልጉትን ጠየቃቸው፣ አደርጋለሁ አለ። ፊቱን፣ ልክ ተመራጭ እንደሚገባው፣ ወደ መራጩ አዙሯል። በጥቁሩ ላይ የሚደርሰው በደል ለመራጩ የሚሰጥ አገልግሎት ነው። እኛ ጋ ገዥው የሚበድለው ሕዝቡን ስለማይሰማ ነበር፤ እዚያ የሚበድለው ስለሚሰማ ነው።

አንድ ግጥጥሞሽ አለ፤ ብዙ ልደገፍበት አልፈልግም፣ ግን ዝም ብዬም ማለፍ አልቻልኩም። የእኛ አገር የመጀመሪያው የምክር ቤት ምርጫ የተካሄደው በሴፕቴምበርና ኦክቶበር 1957 ነው። በዚያው ሴፕቴምበር የአርካንሶ አገረ ገዥ ኦርቫል ፎበስ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች ሊትል ሮክ ከተማ ያለ ትምህርት ቤት እንዳይገቡ የግዛቱን ወታደር በር ላይ አቆመ። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የፌዴራል ጦር ልኮ ልጆቹን አስገባ። አያቴ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ መስጠት በሚችልበት ወር፣ ድምፅ ያነገሠው ገዥ ልጆች ላይ ጠመንጃ አስይዞ ነበር። ታዲያ ፎበስ ምን ሆነ? በቀጣዩ ዓመት እንደገና ተመረጠ። ከዚያም እንደገና፣ እንደገና። የገዥነት ዘመኑ ሁለት ሁለት ዓመት ነው፤ በጠቅላላው ስድስት ጊዜ ተመርጧል። በ1958 የሊትል ሮክን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲዘጋ ጉዳዩ ለከተማው ሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ነበር። አብዛኛው መራጭ ጥቁር ከሚገባበት ይዘጋ አለ። እነዚህ ሰዎች «መንግሥት ያውቃል» ማለት ይችላሉ? አይችሉም። ያወቁት እነሱ ናቸው።

ሌላው የአላባማው ጆርጅ ዋላስ ነው። በ1958 ሲወዳደር ከተቀናቃኙ ከጆን ፓተርሰን ይልቅ በዘር ጉዳይ ለዘብ ያለው እሱ ነበር፤ የጥቁሮች መብት ማኅበር ደግፎታል፣ ፓተርሰንን ደግሞ ኩ ክለክስ ክላን። ዋላስ ተሸነፈ። ትምህርቱን ወሰደና በ1962 የመለያየት ዋና ጠበቃ ሆኖ ተመልሶ አሸነፈ። በ1965 የድምፅ መብት ሕግ ወጥቶ ጥቁሮች በብዛት ሲመዘገቡ፣ ዘመንም ሲሄድ፣ ያው ሰውዬ ይቅርታ ጠይቆ በ1982 ብዙ የጥቁር ድምፅ አግኝቶ ገዥ ሆነ። ልቡ ተመልሶ ሊሆን ይችላል፤ የሰው ልብ እኔ አልመዝንም። ቆጠራው መቀየሩን ግን ማንም ያየዋል።

እንግዲህ ከሹመትና ከምርጫ የቱ ይሻላል ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ መልሴ አይለወጥም፤ ምርጫ ይሻላል። 65ን የሚያውቅ የወሎ ልጅ ሌላ መልስ የለውም። ግን የተሻለው ነገር ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለውም መራጩ ነው። ካርል ያስፐርስ የሚባል ጀርመናዊ ፈላስፋ በ1946፣ ታልማጅ በተመረጠበት ዓመት፣ ስለ አገሩ ጥፋተኝነት አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ጥፋትን በአራት ከፈለው፦ የወንጀል፣ የፖለቲካ፣ የሞራልና ከዚያም የጠለቀ፣ ሰው በመሆናችን ብቻ የሚደርሰን። ወንጀል በሠራው ሰው ላይ ብቻ ነው፤ ሕዝብ በጅምላ ወንጀለኛ አይባልም። እንዴት እንደሚገዛ ግን ዜጋው ሁሉ ይጠየቅበታል አለ። እኔ ከዚህ የወሰድኩት ጥፋት ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ነው። የሴትዮዋን ሽንኩርት ያደረቅሁት እኔ አይደለሁም። እሷም አንተ አደረቅኸው አላለችኝም። ያለችው «አይቼሃለሁ» ነው። በዚህ መካከል ሰፊ ቦታ አለ፤ እኔም ቆሜ የቀረሁት እዚያ ነው።

አንድ ወዳጄ ይሄን ሳጫውተው ሳቀብኝ። «አንተ ባታወጣስ? አጎትህ በአንድ እጅ ነው እንዴ ያሸነፈው?» አለኝ። አይደለም፣ በሰፊው ነው ያሸነፈው። ይቺ መከራከሪያ ግን ለሁሉም ስለምትሠራ ለማንም አትሠራም። እያንዳንዱ እጅ ትርፍ ከሆነ አጎቴን ማን መረጠው? የሊትል ሮክን ትምህርት ቤት ማን ዘጋው? እንደዚህ ከሄድን ከመራጮች ሁሉ ንጹሖቹ እነዚያ የቴልፌር ሙታን ብቻ ሊሆኑ ነው።

ወዳጄ ቀጠለና «እሺ፣ እጅህን ሳታወጣ ዝም ብለህ ብትቀመጥስ?» አለኝ። ይቺኛዋ ትከብዳለች። ብቀመጥም ግን ያን ሌሊት ውሃው እኛ ማሳ ላይ ይገባ ነበር። የእኛ ሽንኩርት ደርሶ ተሸጧል። የዚያን ዓመት መርሳ ትምህርት ቤት የከረምኩት፣ ቤት ኪራዩም ደብተሩም፣ በእሱ ብር ነው። ይሄን የምጽፍበት ፊደል ሳይቀር ትንሽ የዚያ ውሃ አለበት። ድምፅ ተአቅቦ ያደረገ ሰው ከቦዩ ላይ መሬቱን አያነሳም።

ታዲያ ምን ይጠበቅብኝ ነበር? ለዘመዴ ሳይሆን ለጠላቱ እጄን ማውጣት? ሁለተኛው ተወዳዳሪም የላይኞቹ ሰው ነበር፤ እሱም ቢሆን የእኛን ተራ አይነካም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ዓመት የተንገላታሁት። ማንን ልምረጥ የሚለውን ነገር ብቻ ሳገላብጥ ኖርኩ። ያን ዕለት ማድረግ የምችለው የነበረው ግን ከዚያ ይቀድም ነበር። ጥላው ውስጥ ቁጭ ብዬ «እነዚያ ቆመው ያሉትስ?» ማለት። ሌላ ምንም አይደለም። አንድ ልጅ እንዲህ ቢል ይሳቅበት ነበር፣ «የእናትህን ቀሚስ ልበስ» ይባል ነበር። ቢሆንም ቃሏ ትወጣ ነበር። ጆርጂያ ውስጥ የነጥቡን አቆጣጠር የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያፈረሰው በ1963 ነው፤ ከዚያ በፊት ግን በየጊዜው ክስ እያቀረቡ የተሸነፉ፣ የተሳቀባቸው ሰዎች ነበሩ። የተቆጠረ ሰው ላልተቆጠረው ያለበት ዕዳ ማዘን ይመስለኝ ነበር። ማዘን ግን ቀላል ነው፤ እቤት ሆኖም ይታዘናል።

ወደ ዛሬው ልምጣ፣ ቶሎ አልፋለሁ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የክልል ምክር ቤት እንመርጣለን፣ የክልሉን ርዕሰ መስተዳድር ደግሞ ምክር ቤቱ ይመርጣል። ወረዳውም እንደዚያው። እንዲህ ዓይነት አሠራር ያላቸው ብዙ አገሮች አሉ፤ በራሱ ነውር የለውም። እኛ ዘንድ ግን አንድ አመል አስተምሮናል። አስተዳዳሪው ሲያኮራን «የእኛ ልጅ ነው፣ መርጠነዋል» እንላለን፤ ሲከፋ «ከላይ ነው ያመጡብን» እንላለን። ሁለቱም በከፊል እውነት ስለሆኑ እንደ ቀኑ አንዱን እናነሳለን። የእናቴን ንጽሕና ሳንለቅ የመራጭነትን ኩራት ያዝን። ሰው ሁለቱንም ሊይዝ አይችልም ነበር፤ እኛ ግን ችለን ኖርን።

ባለፈው ዓመት ለለቅሶ ግራና ሄጄ አጎቴን አገኘሁት። አርጅቷል፣ ጆሮው ከበድ ብሏል። ማታ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለን ሻይ ስንጠጣ ደፍሬ አነሳሁበት።

«አንቱ፣ ያኔ የውሃ አባት በነበሩ ጊዜ፣ ያ ውሃ ያነሰበት ዓመት ትዝ ይልዎታል? የታችኞቹን ተራ የቀነሱበት?»

«እንዴት አይለኝ» አለ። «ውሃው አልበቃማ። ከአንዱ መቀነስ ነበረብኝ።»

«ለምን ከእነሱ?»

እንደ ሞኝ አየኝ። «የመረጣችሁኝ እናንተ ናችሁ። እነሱማ መቼ መረጡኝ? ልጄ፣ አንተ ብትሆን ማንን ታስከፋ ነበር?»

ምንም አልመለስኩም። ሌላ ወሬ አነሳን፤ ስለ ማንጎው፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ልጆቼ። ከዚያ እሱው ራሱ መልሶ ስለ ውሃ ጀመረ። አሁን በማኅበሩ ተራ የምታወጣው የዚያች ሴት ልጅ ናት፤ እናቷ ካረፈች ቆይታለች፣ መሬቱን የያዘችው እሷ ነች። በአዲሱ ደንብ ሴትም ስለምትቆጠር ተወዳድራ ተመርጣለች። አጎቴ የተናደደው በዚህ አይደለም፤ የእሱን ተራ ወደ ሌሊቱ መጨረሻ ስለገፋችበት ነው። በእርጅናዬ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ባትሪ ይዤ ቦይ ለቦይ አስኬደችኝ እያለ ያማርራል።

«ታዲያ አቤት አይሉም?» አልኩት።

«የት ብዬ?» አለ፤ ብርጭቆውን አስቀምጦ ቀኝ እጁን ከጋቢው ውስጥ አወጣና አሳየኝ። «በዚችው ነው እኮ የመረጥኳት።»